መምህርት እስከዳርና በእጅ የሚዞረው ቴሌስኮፕ

እስከዳር ሀብተ ሚካኤል ደባርቅ መጥታ ፊዚክስ ማስተማር የጀመረችው በ1989 ዓ.ም. ነው። እኔ በዚያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። ቤታችን አጥር ለአጥር ስለሆነ፣ የምነግራችሁን አብዛኛውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የቀረውን ከራሷ ነው የሰማሁት።

የዳባት ልጅ ናት። አባቷ መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ከዳባት ወጣ ብሎ ባለ ደብር ድጓና ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። ባሕረ ሐሳብ የሚባለው የጨረቃንና የፀሐይን አካሄድ አስልቶ የጾሙንና የበዓሉን ቀን የሚያወጣው ትምህርት ነው። ወንድ ልጃቸው ገብረ ሚካኤል የሳቸውን መንገድ ተከትሎ ቅስና ተቀበለና ከተራራው ማዶ መካነ ብርሃን የሚባል አገር ገባ። እስከዳርን ግን ዘመናዊ ትምህርት ቤት አስገቧት። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ «ሴት ልጅ ድጓ ተምራ የት ትቆማለች ብለው ነው፤ ሌላ ምክንያት የላቸውም» አለችኝ።

ባሏ ማዕረግ የፓርክ ጥበቃ ነበር። ሳንቃ በር ካምፕ ይሠራል፤ በየሁለት ሳምንቱ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይመጣና ሁለት ቀን አድሮ ይመለሳል። ልጅ አልወለዱም። እሷ በጠዋቱ ፈረቃም በከሰዓቱም ታስተምር ነበር፤ አንድ ክፍል ውስጥ ሰባ ሰማንያ ተማሪ ይታጨቃል። ገና በሠላሳ ዓመቷ ከክፍል ስትወጣ ግድግዳ ደገፍ ብላ ጠመኔዋን ከእጇ እያራገፈች ትንሽ ትቆም ነበር። ሰላም ስላት አንዳንዴ አትሰማኝም።

ቴሌስኮፑን ያገኘችው በ1993 የላቦራቶሪው ዕቃ ቤት ሲጸዳ ነው። ከማይክሮስኮፖች ጋር በስጦታ የመጣ ነበር አሉ፤ ማንም ሳይከፍተው ካርቶኑን አይጥ በልቶታል። ውስጡ የክንድ ተኩል ርዝመት ያለው ነጭ ቱቦ፣ ጥቂት ሌንሶችና ሦስት የእንጨት እግሮች ያሉት መቆሚያ አለ። መቆሚያው ሞተር የለው፣ ባትሪ የለው። ሁለት ነገር ብቻ ያውቃል፦ ግራና ቀኝ መዞር፣ ወደ ላይና ወደ ታች ማለት። ለሁለቱም አንዳንድ ማጥበቂያ ብሎን አለው፤ የጎንዮሹ ብሎን ጥርሱ አልቆ ስለነበር የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጣ አንገቱ ላይ ጠቀለለችበትና ልክ ሆነ።

መጀመሪያ ዕቃው አስቸግሯት ነበር። አንድ ምሽት ልክ እንደመሸ ግቢዋ ውስጥ ስትታገለው አይቼ በአጥሩ በኩል ምን ሆንሽ አልኳት።

«ጋሽ ደርቤ፣ ሰማይ ላይ ያለው ሁሉ በሰያፍ ነው የሚሄደው፤ ይሄ ደግሞ ሰያፍ አያውቅም» አለችኝ። «ወደ ጎን ትንሽ፣ ወደ ላይ ትንሽ፣ እንደገና ወደ ጎን። እንደ ደረጃ።»

ገብቼ አየሁ። አንድ ኮከብ ብቅ አለና ስደሰትበት ወዲያው በጠርዙ በኩል ወጥቶ ጠፋ። ልመልሰው ብዬ ቱቦውን ገፋ ባደርገው ሁሉም ነገር ተንቀጥቅጦ ጭልም አለ። የሚታየው ተገልብጦ ስለሆነ ወደ ቀኝ የሚሄድ ከመሰለህ ወደ ግራ ነው የምትገፋው። ደግሞም መግፋት አይደለም፤ በጣትህ ነካ ታደርገውና መንቀጥቀጡ እስኪያቆም ትጠብቃለህ። ኮከቡን ከመከተል ይልቅ ቀድመኸው ሄደህ በፊትህ እንዲያልፍ መጠበቅ ይሻላል። ይህን ሁሉ እሷ በስንት ወር ለፍታ ነው የለየችው። ከሊማሊሞ በኩል የሚነሣው ነፋስ እንዳይነቀንቀው በሦስቱ እግሮች መካከል ድንጋይ የሞላ ጆንያ ታንጠለጥልበት ነበር።

ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተማሪዎችን ማሳየት ጀመረች። ተማሪው ወላጁን አመጣ፣ ወላጁ ጎረቤቱን። አንድ ሰው ዓይኑን አስጠግቶ «የታል?» እስኪል ድረስ ጁፒተር ሄዷል። እስከዳር ትጎነበሳለች፣ ትፈልጋለች፣ ታገኛለች፣ «ቶሎ ይዩ» ትላለች። ቀጣዩ ይመጣል። እንደገና ትጎነበሳለች። ሲያበቃ ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ ነው ቀና የምትለው። ሰው ግን አመስግኗት ይሄድ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም።

በ1994 ክረምቱ ዘገየ። ሐምሌ ገብቶ መሬቱ አልረጠበም። ሰው ሲጨነቅ የሚይዘው ነገር ይፈልጋልና፣ መምህርቷ በቧንቧ ሰማዩን እየወጋች ዝናቡን አስቀረችው የሚል ወሬ ተነሣ። ከከተማው ዳር የሚያርስ አቶ ውዱ የሚባል ገበሬ፣ ልጁ እሷ ዘንድ የሚማር፣ አንድ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ድረስ መጣ። እኔም አጠገቧ ነበርኩ።

«መምህርት፣ ይህ ዕቃ እስኪዘንብ ድረስ ቢቀመጥስ?» አላት።

«አቶ ውዱ፣ ይህ የሚያይ እንጂ የሚተኩስ ነገር አይደለም።»

«እሱማ እኔም ይገባኛል። ሰው ነው የማይገባው።»

ልትከራከር አፏን ከፈተችና ተወችው። «ይቀመጥ» አለች። ዕቃውን ቆለፈችበት። ዝናቡ በስንት ልመና መጣ፣ ወሬውም በራሱ ጊዜ ጠፋ።

ወሬው ግን ዳባት ደርሶ ነበር። መስከረም ላይ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው በአውቶቡስ መጡ።

«ልጄ ሰማይ ወጋች አሉኝ፤ በምን እንደወጋሽው ልይ ብዬ ነው» አሏት።

ልጅቷ አልሳቀችም፤ እኔ ግን ሳቅሁ። ፀሐይ እንደገባች መቆሚያውን በግቢዋ አቆመችላቸውና ቱቦውን በስተምዕራብ ወዳለች አዲስ ጨረቃ አዞረች። እሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ። ብዙ ቆዩ።

«ሄደችብኝ» አሉ።

«እሷ አይደለችም አባቴ፤ የሄድነው እኛ ነን። ምድር ናት የምትዞረው።»

«ማንም ይሂድ ማን፣ መልሺልኝ።»

መለሰችላቸው። ቀጥላ ከጨረቃዋ አጠገብ የምታበራዋን ትልቅ ኮከብ አሳየቻቸው። በቱቦው ውስጥ ኮከቧ ክብ አልነበረችም፤ እንደ ማጭድ ጎብጣለች።

«ይህችም ሌላ ጨረቃ ናት?»

«አይደለችም። የአጥቢያ ኮከብ የምትሏት እሷ ናት። የማታዋም የንጋቷም አንድ ናት፤ ጊዜ እየቀያየረች ነው የምትወጣው።»

መሪጌታ ቀና ብለው በባዶ ዓይናቸው አዩዋት፣ ተመልሰው ጎነበሱ። «ስልሳ ዓመት በእሷ ተነሥቼ ኪዳን አድርሻለሁ» አሉ። «ጎዶሎ እንዳላት አላውቅም ነበር።»

ያን ማታ እራት ላይ ነው ስለ ማለፊያዋ የነገረቻቸው። ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ፣ በ1996 ሰኔ አንድ ቀን፣ ይህች ኮከብ በፀሐይ ፊት ለፊት ታልፋለች፤ ጥቁር ነጥብ ሆና ትታያለች። ከስምንት ዓመት በኋላ አንድ ጊዜ ትደግማለች። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ የለም። መሪጌታ ጣታቸውን አጥፈው ዕድሜያቸውን ቆጠሩ።

«እንግዲህ የመጀመሪያዋን አያለሁ፤ ሁለተኛዋን ለአንቺ ትቼልሻለሁ» አሉ።

ሰኔ አንድ ማክሰኞ ዋለ። ሰማዩ ከንጋት ጀምሮ ጥርት ብሎ ነበር። እስከዳር መቆሚያውን በሜዳው መካከል አቆመች። ማንም በቱቦው ፀሐይን እንዳያይ ደጋግማ አስጠነቀቀች፤ ዓይን ያጠፋል። ይልቁንም ከቱቦው በስተኋላ ነጭ ወረቀት በጣውላ ለጥፋ ያዘች፤ የፀሐይዋ መልክ ወረቀቱ ላይ ወረደ፣ ከቡና ስኒ አፍ የሚበልጥ ክብ። ፀሐይን ለማግኘት እንኳ ዘዴ ነበራት፤ መሬት ላይ የሚወድቀው የቱቦው ጥላ ከሁሉ በላይ እስኪያጥር ታዞረዋለች። ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ በክቡ ጠርዝ ላይ ጥርስ የነከሰው የመሰለ ጥቁር ነገር ታየ። ጥቂት ቆይቶ ሙሉ በሙሉ ገባ፤ የተልባ ፍሬ የምታክል፣ ድፍን ጥቁር፣ ዳሯ ጥርት ያለ ነጥብ። ተማሪዎቹ ዝም አሉ። ሰባ ተማሪ ባንድ ጊዜ ዝም ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መሪጌታ ገና አልመጡም። ዋዜማውን መጥተው እንዲያድሩ ለምናቸው ነበር። ዕለቱ ልደታ ነው፣ ኪዳን ሳላደርስ አልነሣም ብለው፣ በሦስት ሰዓት እደርሳለሁ አሉ። መኪናው ግን ሰው እስኪሞላ ቆመ፤ መንገዱም ያኔ ኮረኮንች ነበር።

ፀሐይዋ ከፍ እያለች ሄደች። ቱቦውም አብሮ እያቀና ሄደ። እስከዳር መጀመሪያ ቆማ፣ ከዚያ ተንበርክካ፣ በኋላም ቁጢጥ ብላ ወረቀቱን መሬት አስነክታ ትይዝ ጀመር። በየደቂቃው በሌላ እጇ ነካ ታደርገዋለች። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ቀና አላለችም። ልቀበልሽ ብላት «ታጠፋታለህ» አለችኝ፤ እውነቷን ነበር።

በሰኔ ቀትር ላይ ፀሐይ በእኛ አገር አናት ላይ ነው የምትሆነው። ለዚያ መቆሚያ ከዚህ የከፋ ቦታ የለም። ፀሐይዋ ትንሽ ስትራመድ መቆሚያው ግማሽ ዙር ያህል መዞር አለበት፤ ቱቦውም ቀጥ ብሎ ሲቆም ጅራቱ ከእንጨቱ እግር ጋር ይጋጫል። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ተጋጨ። ክቡ ከወረቀቱ ላይ ተንሸራቶ ወጣ፤ ብታዞር ብታዞር አልመለስ አለ።

መሪጌታ ጥላቸውን ዘርግተው በበሩ የገቡት ይኼኔ ነው። ጾመኛ ናቸው፤ ጥምጥማቸው አቧራ ለብሷል።

«አባቴ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» አለቻቸው፤ ጉልበቷ ላይ እንደሆነች፣ ቀና ሳትል።

«እታገሣለሁ።»

እግሮቹን ፈትታ መቆሚያውን በሁለት አግዳሚ ወንበሮች መካከል ልታስቀምጠው አሰበች። እኔና ተማሪዎቹ ወንበር አመጣን። ብሎኖቹ በሙቀቱ ጠብቀው እምቢ አሉ። ስትታገል፣ አንዱ እግር ሲወጣ፣ ሌላው ሲቀር፣ ከሊማሊሞ ገደል በኩል ደመና እየወጣ ነበር። አይቼዋለሁ፤ ግን ምን ብዬ ልንገራት። ሁሉን አስተካክላ የቱቦውን ጥላ መሬት ላይ ስትፈልግ ጥላ አልነበረም። የእኛም ጥላ አልነበረም።

ጠበቅን። መሪጌታ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠው መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙ። አንድ ሁለቴ ደመናው የሚሳሳ መስሎ እስከዳር ብድግ አለች፤ ተመልሶ ወፈረ።

«አሁንም እያለፈች ነው?» አሉ።

«እያለፈች ነው፤ ከደመናው በላይ።»

ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ዝናቡ ጀመረ። ጥላቸውን እኔ ያዝኩላቸው፤ ልጃቸው ነጠላዋን አውልቃ ቱቦው ላይ ጣል አደረገች።

«እግሬን አሞኛል» አሉ መሪጌታ። «ቤት ውሰጂኝ።»

ወሰደቻቸው። ከዚያ ጭቃዋን ታጥባ የከሰዓቱን ክፍል ልታስተምር ተመለሰች። ያን ቀን ምን እንዳስተማረች ብጠይቃት አላስታወሰችም።

ቀጥሎ የመጡት ዓመታት አድካሚ ነበሩ። በ1999 መሪጌታ ቅዳሴ ቆመው ሳለ ወደቁ። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። እስከዳር ጎንደር ሆስፒታል ይዛቸው ሄዳ፣ ከዚያ ወደ ቤቷ አመጣቻቸው። ቀን ቀን የሩቅ ዘመዳቸው እማሆይ ወለተ ማርያም ይጠብቋቸዋል፤ ከትምህርት ቤት መልስ ያለው የሷ ነው። ታገላብጣቸዋለች፣ ታጥባቸዋለች፣ በማንኪያ አጥሚት ታጠጣቸዋለች። የሚናገሩት እንደ ጉርምርምታ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ግማሹን ታውቀዋለች፣ ግማሹን ትገምታለች። ስትሳሳት በደህናው እጃቸው አልጋውን ይመቱ ነበር።

የቅዳሜውን ማታ አልተወችም። ተማሪዎቹ ሲጠይቋት እምቢ ማለት አልቻለችም። በየሳምንቱ መሆኑ ቀርቶ በወር ሆነ፣ ከዚያም አልፎ አልፎ። አንድ ማታ ተማሪዎቹ ገና ሳይሰበሰቡ ሜዳው ላይ ደረስኩ። እስከዳር ጎንበስ ብላ ዓይኗን ሌንሱ ላይ አድርጋለች። አጠገቧ ቆሜ ጠበቅሁ። አልተንቀሳቀሰችም። እጇን ነካ ሳደርግ ደንግጣ ቀና አለች፤ ቆማ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። በሌንሱ ባይ ጨለማ ብቻ ነው፤ ጁፒተር ከሄደ ቆይቷል።

በ2003 ጥር ወንድሟ ቄስ ገብረ ሚካኤል ከመካነ ብርሃን በበቅሎ መጣ። ሁለተኛ በቅሎም ስቦ ነበር፤ አባቱን ሊወስድ።

«እህቴ፣ ተራው የኔ ነው» አላት። «ሚስቴም ልጆቼም አሉ። አንቺ አልቀሻል።»

እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ትከራከራለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ውሰዳቸው» አለች። «እውነትህን ነው። ይዘሃቸው ሂድ።»

ገብረ ሚካኤል ወደ አልጋው ሄዶ ነገራቸው። መሪጌታ አዳመጡት። ከዚያ ግራ እጃቸውን ዘርግተው የአልጋውን ቋሚ ያዙ። ልጃቸው ጣታቸውን በቀስታ ሊያላቅቅ ሞከረ፤ ይበልጥ ጨበጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ይዘው ቆዩ። በመጨረሻ ገብረ ሚካኤል እጃቸውን ስሞ ተነሣ። በነጋታው ባዶ በቅሎውን እየሳበ ተመለሰ። እስከዳር እስከ ከተማው ዳር ሸኝታው ስትመለስ ፊቷ ላይ ደስታም ሐዘንም አላየሁበትም። ውኃ ልትቀዳ ጀሪካኗን ይዛ ወጣች።

ሁለተኛዋ ማለፊያ በ2004 ግንቦት ሃያ ዘጠኝ፣ ረቡዕ ነበር። በዚህኛው ጊዜ ፀሐይዋ ነጥቧን ይዛ ነው የምትወጣው፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ያበቃል። እስከዳር ተማሪዎቹን በንጋት ሜዳው ላይ እንዲገኙ ነግራቸው፣ ቴሌስኮፑን ከዋዜማው ወደ ቤቷ አምጥታ ነበር። ያን ሌሊት ግን መሪጌታ ትኩሳት ያዛቸው፤ ስትቀመጥ ስትነሣ አደረች። ማለዳ ዕቃውን ላግዛት ስሄድ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ጋሽ ደርቤ፣ እኔ አልሄድም። ትቻቸው አልሄድም» አለችኝ።

«ተማሪዎቹስ?»

«ከፈለጉ እዚህ ይምጡ።»

ልነግራቸው ዞር ስል ጠራችኝ። የቤቷ በር ወደ ፀሐይ መውጫ ነው። «መጀመሪያ ይህን አልጋ እንድገፋ አግዘኝ።»

ከማዕረግ ጋር ሆነን አልጋውን በበሩ ትይዩ አደረግነው፤ እሱ በአጋጣሚ ዕረፍት ላይ ነበር። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረደ፤ በሩንም ለቱቦው ያህል ብቻ ከፍቶ ገርበብ አደረገው። እሷ መቆሚያውን ደፉ ላይ አቆመች። ዝቅ ያለች ፀሐይ ለዚያ መቆሚያ ትመቻለች፤ ቱቦው ጋደም ብሎ ይቆማል፣ ማንም መንበርከክ የለበትም። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ ከጋራው ጫፍ ብቅ አለች። እስከዳር በቀስታ አዞረች፣ ዝቅ አደረገች፣ አጠራች። ክቡ የጨለመውን ቤት አቋርጦ በአባቷ ደረት ላይ፣ በነጩ ጋቢያቸው ላይ አረፈ። የእንጀራ ሌማት ባያክልም ከትልቅ ሰሃን አያንስም። ወደ አንድ ዳሩ ጠጋ ብላ ጥቁሯ ነጥብ አለች፤ የምስር ፍሬ ታክላለች።

መሪጌታ በተነፈሱ ቁጥር ፀሐይዋ ከጋቢው ጋር ትነሣና ትወርድ ነበር።

«አባቴ፣ ይዩ። እሷ ናት። የአጥቢያዋ ኮከብ።»

አንገታቸውን አቅንተው ወደ ደረታቸው አዩ። ግራ እጃቸውን አነሡና ነጥቧን በአውራ ጣታቸው ጠረግ አደረጓት፤ ጋቢው ላይ የወደቀ ጉድፍ እንደሚጠርግ ሰው። ነጥቧ ጥፍራቸው ላይ ወጣች። እጃቸውን ሳይመልሱ ቆዩ። ክቡ እየተንሸራተተ ወደ ትከሻቸው ሄደ፤ እስከዳር ነካ አደረገችው፣ ተመለሰ። እንደገና ሄደ፣ እንደገና መለሰችው። ከዚያ መሪጌታ አንድ ቃል ተናገሩ።

እስከዳር ፊቷን ሸፈነች። «ታየኝ አሉ» አለች። «ሰማችሁ? ታየኝ አሉ።»

ማዕረግ አንገቱን በአዎንታ ነቀነቀ። እኔ የሰማሁት «ተዪኝ» ሲሉ ነበር። ያ አንደበት ሁለቱንም አንድ አድርጎ ነው የሚያወጣው፤ ስለዚህ ዝም አልኩ።

ወዲያው ተማሪዎቹ ግቢውን ሞሉት፤ ማን እንደነገራቸው አላውቅም። እስከዳር ወረቀቱን አነሣችና ለነሱ ልታሳይ መቆሚያውን ወደ ውጭ አወጣችው። አንድ በአንድ አዩ። ነጥቧ ጠርዙ ላይ ደርሳ፣ ቀጥና፣ ጠፋች። ተማሪዎቹ ሲያጨበጭቡ እሷ ደፉ ላይ ተቀመጠች፣ ራሷን መቃኑ ላይ አስደገፈች፤ አጨብጭበው ሳይጨርሱ ተኝታ ነበር። ማዕረግ ተማሪዎቹን በምልክት ሸኛቸው።

መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል በፍልሰታ ጾም ዐረፉ። አስከሬናቸው ዳባት፣ ያስተማሩበት ደብር ተቀበረ። ተማሪዎቻቸው ከየአገሩ መጥተው ነበር፤ ወረቡ እስከ ከሰዓት ቆየ። ከቀብር ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ፣ እስከዳር ወደ መስኮቱ እያየች ጠየቀችኝ።

«ጋሽ ደርቤ፣ ያን ጠዋት አንተ ምን ነበር የሰማኸው?»

ልዋሽ አሰብኩ፤ ግን መልሴን ሳትሰማ ፊቴን አይታው ነበር።

«ተዪኝ» አልኳት።

«እኔም አንዳንድ ቀን እንደዚያ ይሰማኛል» አለች። «ትኩሳት ላይ ያለን ሰው በጠዋት ፀሐይ አበራሁበት።» ቀጥላም፣ «ሌላ ቀን ደግሞ ታየኝ ይለኛል። ቀኑ ነው የሚለየው» አለች። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አላነሣችም፤ እኔም አላነሣሁባትም።

በተከታዩ ዓመት ሊድያ የምትባል ወጣት የፊዚክስ መምህርት ተመደበች። እስከዳር ቴሌስኮፑን በአንድ ከሰዓት አስረከበቻት። በቀን ብርሃን፣ ሩቅ ያለ የዛፍ ጫፍ ላይ እያነጣጠሩ፣ ነካ ማድረግና መግፋት ምን ያህል እንደሚለያዩ አሳየቻት። ሊድያ ቶሎ ነው የገባት። ዛሬ ቅዳሜ ማታ የምታሳየው እሷ ናት፤ ቀልድም ታውቃለች፣ ተማሪው ይወዳታል።

«ለምን አብረሽኝ አትመጪም?» ትላታለች።

«ደክሞኛል የኔ ልጅ» ትላታለች እስከዳር። ሊድያ መጀመሪያ የተቀየመቻት መስሏት ነበር፤ በኋላ ግን ለመደችው።

ማዕረግ ጉልበቱን ስላመመው ከጥበቃው ወጥቶ ቤት ገባ። አሁን አብረው ናቸው። እሷ በጠዋቱ ፈረቃ ብቻ ታስተምራለች። ከሰዓት ማዕረግ ጎመኑን ሲያጠጣ አጠገቡ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ ሲመሽ ቶሎ ትገባለች። በ2010 ትምህርት ሲዘጋ፣ ስንት ዓመት ሲለምናት የኖረው ወንድሟ ዘንድ መካነ ብርሃን ሄዳ ከርማ መጣች። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ግማሹ በእግር ነው፤ ስትመለስ ግን ፊቷ ተመልሶ፣ ትንሽም ወፍራ አየኋት።

«ምን ስትሠሪ ከረምሽ?» አልኳት በአጥሩ በኩል።

«ተኛሁ» አለችኝ።